ሁለቴ የዘፈንኩት ግጥም

አዲስ ጋቢ የራሱ ሽታ አለው። ውኃ ሳይነካው፣ የፈታይዋና የሸማኔው እጅ ገና ሳይለቀው የሚሸት ነገር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከደባርቅ ገበያ ሽንኩርትና ጥቂት በርበሬ ይዤ ወደ ቤቴ ሳዘግም ይኸው ሽታ መንገድ ላይ ቀጥ አደረገኝ። ቀና ብል የድሮው የቀበሌ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ። ቆርቆሮው ተቀይሯል፣ ግድግዳው ሰማያዊ ተቀብቷል፤ በሩ ግን ያው የድሮው፣ ሲከፈት የሚያቃስተው በር ነው። ከውስጥ ወጣቶች ይራወጣሉ። ጋቢና ብርድ ልብስ እስከ መስኮቱ ድረስ ተከምሯል። «ለቁስለኞች ነው» አለችኝ ጂንስ የለበሰች፣ ሹሩባ የተሠራች ልጅ፣ ሳልጠይቃት። የትኛው ጦርነት፣ የማን ቁስለኛ እንዳትሉኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህች ከተማ ለቁስለኛ ጋቢ ሲሰበሰብ አይቻለሁ። ሰብሳቢው ይለዋወጣል፣ የጦርነቱ ስም ይለዋወጣል፤ ጋቢውና የሚለብሰው ልጅ ግን ያው ናቸው።

ልጅቷ ቤዛ ትባላለች። ትኩር ብላ አየችኝና «እማማ ፋንታዬ አይደሉም? የኪነት ቡድኑ ዘፋኝ?» አለች። ነኝ አልኳት፤ ምን ልበል። «አያቴ ስለ እርስዎ አውርታ አትጠግብም! እማማ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ትልቅ ፕሮግራም አለን። ሞንታርቦ ተከራይተናል፣ ላይቭ እናስተላልፈዋለን። ያችን የአድማሱን ዘፈን ስቴጅ ላይ አንዴ ቢሉልን… ሰው ያለቅሳል። ሰው ካለቀሰ ደግሞ ይሰጣል።» የመጨረሻዋን ስትል ፈገግ አለች። ክፋት የለባትም፤ ልጅ ናት፣ የታያትን ነው የተናገረችው። እኔ ግን ላስብበት ብያት፣ ሽንኩርቱን እዚያው የአዳራሹ ደረጃ ላይ ረስቼው ቤቴ ገባሁ።

«ሰው ካለቀሰ ይሰጣል» የሚለው ነገር የእኔ ነው። በሃያ ዓመቴ፣ በዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ በአፌ ሳላወጣው በልቤ ያልኩት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን በሙሉ ማንም እንዳይሰማብኝ ደብቄ ኖሬ፣ አንዲት የማላውቃት ልጅ ከአፌ የነጠቀችኝ መሰለኝ።

ያን ዘመን ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጦርነቱ አይደለም፤ ኮንጎ ጫማዬ ነው። ጥቁር ላስቲክ፣ ብርድ ሲሆን እንደ ድንጋይ የሚጠነክር፣ ፀሐይ ሲሆን እግር የሚቀቅል። ከመድረክ በስተቀር የትም እሱን ነበር የምናደርገው። ለመድረክ ለሴቶቹ አረንጓዴ ጥለት ያለው የአበሻ ቀሚስ፣ ለወንዶቹ እጀ ጠባብና ተፈሪ ሱሪ ተሰጥቶን ነበር፤ ቀሚሶቹ አምስት፣ እኛ ሰባት ስለነበርን ሁለታችን ሁልጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ በውስጥ ልብስ ብርድ እየመታን ተራ እንጠብቃለን። ስሙኒ የያዘ ሰው ሻይና ዳቦ አዝዞ መልስ ይቀበል ነበር። ወደ ሊማሊሞ መውረጃ ባለችው ሻይ ቤት የቆዳ ልብስ የለበሰ ሬዲዮ ነበረ፤ ባለቤትየው የባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅበት ዜና ሲጀምር ያጠፋውና ዘፈን ሲደርስ ይከፍተዋል፤ ስንት ሰው እንደ ሞተ ሳንሰማ የዳንነው በእሱ ንፉግነት ነው። ዛሬ በሻይ ቤቷ ቦታ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ቆሟል። ወደ ራስ ዳሽን የሚወጡ ፈረንጆች እዚያ ይቀመጣሉ፤ አንድ ስኒ ሻይ የሚሸጠው ያኔ ደህና በግ በሚገዛ ብር ነው። የያኔውን የበግ ዋጋማ ከነገርኳችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ፣ ይቅር።

የቡድናችን ማሲንቆ መቺ አያ ደሴ ይባል ነበር። የደረስጌ ሰው ነው፤ እዚያ እርሻ አለው፣ ዘመድ አለው። ወደ እኛ የሚመጣው የመድረክ ዝግጅት ሲኖር ብቻ ነው። ማሲንቆውን ራሱ ጠርቦ፣ ቆዳውን ራሱ ወጥሮ የሠራው፤ ጭራው ከነጭ ፈረስ ካልሆነ አያለቅስም የሚል ሰው። ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ቀርፋፋ ነበር፤ አንድ ነገር እስኪናገር ድረስ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። እኔን ዘፈን ያስተማረኝ እሱ ነው። «ግጥም ሁለቴ ይባላል» ይለኝ ነበር፤ «አንዴ ለጆሮ፣ አንዴ ለልብ። አንዴ ብቻ ካልሽው ሰውየው የሰማውን ይጠራጠራል።»

ለቁስለኛ ስናሰባስብ የነበረን ደንብ ይኼ ነው። ሰው ያለውን ይዞ ይመጣል፤ ማን ጋቢ፣ ማን አንሶላ፣ ማን አንድ ቁና በሶ፣ ማን በግ። ዕቃውን መድረኩ ሥር ያስቀምጥና ጦር ሜዳ ያለ ዘመዱን ስም በጆሯችን ይነግረናል። እኔ ስሙን በግጥም አነሳዋለሁ። የሕያው ሰው ግጥም አለ፣ የሟች ግጥም አለ። ልጁ በሕይወት ካለ በደህናው ይነሳና እናቱ ወይም እህቱ ከተቀመጠችበት ተነስታ እልል ትላለች፤ አዳራሹ በሙሉ ይቀበላታል። ከሞተ ደግሞ በለሆሳስ ይዘፈንለታል፤ ሰው ባርኔጣውን ያወልቃል። አያ ደሴ ከእያንዳንዱ ሰጪ ፊት ጎንበስ ብሎ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ደህና ነው ወይስ ነፍስ ይማር?» መልሱን ሳይሰማ ጭራውን ከክሩ ላይ አያሳርፍም። ለምን እንደሆነ የአገራችን ሰው ያውቀዋል። መርዶ በዘፈን አይነገርም። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ፊት ፊት ሄዶ፣ የምትይዛት ሴት በግራ በቀኟ ተዘጋጅታ፣ ባለ ሐዘኗ በራሷ ደጅ ላይ ነው የሚነገር። ሰው መሬት ላይ ሲወድቅ መሬቱ የራሱ መሆን አለበት።

በዚያ በሃያ ዓመቴ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹን ስናሰናዳ አንዲት ሴት በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። በሩ አቃሰተ። ቀጠን ያሉ፣ እግራቸው እስከ ጉልበት አቧራ የለበሰ፣ አዲስ ጋቢ በጀርባቸው የተሸከሙ። ከደረስጌ አዳር ያለበትን መንገድ በእግራቸው ነው የመጡት። እትዬ አንጓች ይባላሉ።

«የምትዘፍነዋ አንች ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

ጋቢውን አውርደው ክንዴ ላይ ጣሉልኝ። ያ ሽታ። ጫፉ ላይ በአረንጓዴ ክር ትንሽ መስቀል ተሰፍቶበታል። «በእጄ ነው የፈተልሁት። ለልጀ ብዬ ነበር፤ ለቁስለኛ ጋቢ ጠፋ ቢሉኝ፣ የእሱስ ወንድሞች አይደሉምን ብዬ አመጣሁት። የኔ አድማሱ ይባላል። እዚያው ነው ያለ። ወረቀት ከጣፈልኝ ቆይቷል፣ ግን ደህና ነው። በደህናው አንሽልኝ፣ እሽ? እኔ መኻል ላይ እቀመጣለሁ። ስሙን ስትጠሪው እልል እላለሁ።»

«እሺ እትዬ፣ አነሳልዎታለሁ» አልኳቸው። እጄን ይዘው መረቁኝ። ድምፅሽን እግዜር ይጠብቅልሽ አሉ። የተመረቅኩትን ምርቃት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ደረሰልኝ መሰለኝ፣ ድምፄ እስካሁን ደህና ነው።

እሳቸው ወጥተው ወደ ገበያው ሲወርዱ አያ ደሴ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እንግዲህ ስሚኝ» አለ፣ በዚያ በቀርፋፋ አንደበቱ። «አድማሱ የለም። አብሮት የነበረ ልጅ ክራንች ተደግፎ መጥቶ ለሽማግሌዎቹ ነግሯል። እኔም አለሁበት። እስታሁን ያላረዳናቸው ገብሱ ደርሶ ጎንበስ ብሏል፤ የሚያጭዱ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰብሉ ይግባ፣ ወንድማቸው ከዳባት ይምጣ፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን ብለን ነው። አንች በደህናውም በሟቹም አታንሺው። ዝለይው። ኋላ ረሳሁት ትያቸዋለሽ።»

«እሺ አያ ደሴ» አልኩት። በአንድ ጠዋት ሁለት እሺ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ገበያተኛው ሁሉ ከነዘምቢሉ ገባ። በበርኖስ፣ በቅቤና በበግ ጠረን አየሩ ተጨናነቀ። ፊት ለፊት ሹማምንቱ ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው ከጎንደር የመጣ መነጽር ያደረገ እንግዳ አለ። ለክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ዘፋኝ ሊመርጥ እንደ መጣ ሁላችንም ሰምተናል። ጎንደር! መብራት በየቤቱ የሚበራባት፣ ሲኒማ ያለባት፣ ለእያንዳንዷ ዘፋኝ የራሷ ቀሚስ የሚሰጥባት ጎንደር። ያን ሳምንት ሌሊት ሌሊት ሌላ ነገር አላለምኩም።

ዝግጅቱ አልሞቅ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲሰጥ ከርሞ ደክሞታል። ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው እያልኩ ስሞቹን አነሳለሁ፤ እልልታ ይሰማል፣ ይጠፋል። ከመድረኩ ሥር የተከመረው ትንሽ ነው። እንግዳው ሰዓቱን አየ። ቆየት ብሎ እንደገና አየ። ከጎኑ ላለው ሰውዬ አንድ ነገር ሹክ አለና መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። በዚያች ቅጽበት እትዬ አንጓችን አየኋቸው። መኻል ላይ፣ እንዳሉት። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ወጣ ብለው፣ ተራቸውን ይጠብቃሉ። እጃቸው ወደ አፋቸው ለመሄድ ጉልበታቸው ላይ ተዘጋጅቷል።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ዜማውን ዝቅ አደረግኩት። አያ ደሴ ከጠዋት የነገረኝን ገብስ ከአፉ ወስጄ እንዲህ አልኩ፦

ገብሱን ማን ይጨደው ደርሶ ተጎንብሶ፣
አድማሱ ተኝቷል አፈሩን ተንተርሶ።

ማሲንቆው ቀጥ አለ። አያ ደሴ ጭራውን ከክሩ ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ሰው ለሐዘኑ ማድመቂያ መሰለው፤ አዳራሹ እፍን ብሎ ጸጥ አለ። እኔም ያለ ማሲንቆ፣ በባዶ ድምፅ፣ ለልብ የምትባለዋን ደገምኩት። ከመጀመሪያውም አሳምሬ።

እትዬ አንጓች ተነስተው ቆመዋል። እጃቸው አፋቸው ጋ ደርሷል፤ እልልታው ግን አልወጣም። በሰው መኻል እያቋረጡ ወደ መድረኩ መጡ። ሰው ሊሸልሙኝ የመጡ መስሎት መንገድ ለቀቀላቸው። ከታች ቀና ብለው አዩኝና ቀስ ብለው፣ እንደ ሰው አፈላላጊ፣ «የማን አድማሱ ነው ልጀ?» አሉኝ።

ሌላ አድማሱ ነው ማለት እችል ነበር። አድማሱ የሚባል ሰው በአገሩ ሞልቷል። አንዲት ቃል ብዋሽላቸው ገብሳቸውን አጭደው፣ ወንድማቸው መጥቶላቸው፣ በደጃቸው ላይ በወግ ይረዱ ነበር። እኔ ግን ዞሬ አያ ደሴን አየሁት። እሱም አቀረቀረ። በቃ፣ ያ በቂ ነበር።

ጩኸታቸውን አልገልጸውም። በቆርቆሮው ሥር ሄዶ አዳራሹን ሲዞር ትዝ ይለኛል። ሴቶች ተንጫጩ፣ ወንዶች ተነሱ። የማያውቋቸው ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘዋቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ የቀበሌ አዳራሽ ወለል፣ የራሳቸው ያልሆነ መሬት። ከዚያም ሕዝቡ መስጠት ጀመረ። ሴቱ ነጠላዋን እየገፈፈች፣ ወንዱ በርኖሱን እያወለቀ፣ አንዱ ገበሬ ሊሸጠው ያመጣውን በግ እየጎተተ፣ መድረኩ ሥር የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋ። ሰው አለቀሰ፣ ሰውም ሰጠ። መነጽር ያደረገው እንግዳ ዓይኑን በመሐረብ ይጠርግ ነበር። በወሩ ጎንደር ገባሁ።

«አምልጦኝ ነው» አልኩ። ለሹማምንቱም፣ ለሽማግሌዎቹም፣ ለእናቴም ያልኩት ይህንኑ ነው። ሁሉም አመኑኝ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» እያሉ አዘኑልኝ፤ የሚገርመው ለእኔ ነው ያዘኑት። ሽማግሌዎቹ ደረስጌ ድረስ ወርደው ስለ እኔ ይቅርታ ጠየቁ። ወለምታ የምትባለዋ ቃል ቤት ሆነችኝ፤ ዕድሜ ልኬን ውስጧ ገብቼ ኖርኩ። አያ ደሴ ብቻ አላዘነልኝም። ማሲንቆውን በከረጢቱ ከቶ በዚያው ቅዳሜ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ እኔ ባለሁበት መድረክ ተቀምጦ አያውቅም። ለማንም ግን አልተናገረብኝም። ብዙ ዓመት ቆይቶ ማረፉን ስሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከሐዘኔ ቀድሞ የተሰማኝ ዕፎይታ ነው።

ያቺን ግጥም ከዚያ በኋላም ዘፈንኳት። ጎንደር ዘፈንኳት፣ ዳባት ዘፈንኳት፣ ኮሶዬ ላይ መኪናችን ተበላሽቶ መንገድ ዳር ለተሰበሰበ ሰው ሳይቀር ዘፈንኳት። ስሙን እንኳ አልቀየርኩም፤ አድማሱ ለዜማው ይመቻል። የደረስጌ ነጋዴዎች ሰምተው ለእትዬ አንጓች እንደሚያወሩላቸው አውቃለሁ። ሰው የሌላውን ልጅ ሬሳ ይዞ ከከተማ ከተማ እንዴት ይዞራል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በጭብጨባ ነው የምላችሁ። ጭብጨባ ውስጥ ሌላ ድምፅ አይሰማም።

አንድ ቀን ደግሞ ያሰባሰብነውን ልናድል ጎንደር ያለ ሆስፒታል ወሰዱን። አንድ ጎረምሳ፣ ሁለት እጁ በፋሻ የተጠቀለለ፣ አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። የለበሰው ጋቢ ጫፍ ላይ በአረንጓዴ ክር የተሰፋች መስቀል አየሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «ይሄን ማን ነው የላከው?» አለኝ፣ ጋቢውን በአገጩ እየጠቆመ። አንዲት እናት ናቸው፣ ከደረስጌ አልኩት። «ሌሊት ሌሊት ብርዱ ቁስሌን ሲነካው ይሄ ነው የሚያስተኛኝ። ጋቢዎ ደረሰኝ፣ ልጅዎ ነኝ ብሎዎታል በይልኝ» አለ። እሺ አልኩት። ሦስተኛ እሺ። ያንንም አላደረስኩም። እሱን ለማድረስ እሳቸው ፊት መቆም ነበረብኝና።

ዘመን ተለወጠ፣ ቡድኑ ተበተነ፣ ወደ ደባርቅ ተመለስኩ። ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። ባል አገባሁ፣ ቀበርኩ። ልጆች ወለድኩ፤ ወንዱ ልጄ ስልክ ሳያነሳ ሁለት ቀን ከዋለ እህል አይወርድልኝም። ያኔ ነው እትዬ አንጓች የሚመጡብኝ፣ ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ወጣ ብለው ተቀምጠው።

ቤዛ ሱቄ ድረስ መጣች፣ የረሳሁትን ሽንኩርት ይዛ። «እማማ፣ ወሰኑ?» አለችኝ።

«አልዘፍንም።»

«ውይ! ፖስት አድርገነዋል እኮ!»

«አንሱታ! እኔ በር ላይ እቀመጣለሁ። ስም የሚያስጠራ ሁሉ መጀመሪያ እኔ ጋ ይመጣል። ደህና ነው ወይስ ነፍስ ይማር ብዬ እጠይቃለሁ፣ ከሞተም ቤተሰቡ መርዶውን መስማት አለመስማቱን እጠይቃለሁ። እኔ ሳላውቀው ማንም ማይክ እንዳይዝ።» ግራ ገብቷት አየችኝ። ለምን ብላ ግን አልጠየቀችም፤ አስተዳደጓ ጥሩ ነው። እኔም አልነገርኳትም። ከእሷ በፊት መንገር ያለብኝ ሰው ነበር።

እትዬ አንጓች እንዳሉ ሰምቻለሁ። መንኩሰው ደረስጌ ማርያም አጠገብ ነው የሚኖሩ። በማግስቱ መኪና ተሳፈርኩ። እሳቸው በእግር አዳር የመጡበትን መንገድ እኔ ተቀምጬ፣ ሾፌሩ የከፈተውን ዘፈን እየሰማሁ፣ በግማሽ ቀን ገባሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ጎንበስ ብሏል። መስኮት ዳር በመቀመጤ ራሴን ረገምኩ።

ጎጇቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጣ ብላ ያለች ናት። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ፈዟል፤ መቁጠሪያቸው ግን በጣታቸው ይሄዳል።

«እንደምን ዋሉ እማሆይ።»

መቁጠሪያው ቆመ። «ድምጥሽን አውቀዋለሁ» አሉ። «አልተለወጠም።»

መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ ልጅነቴ፣ ስለ ዘመኑ፣ ስለ ሰውየው መነጽር። አንዱም አልመጣልኝ። ተንበርክኬ «እማሆይ፣ ያን ቀን አምልጦኝ አልነበረም» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

ከመሬቱ ቀና ማለት አቃተኝ።

«ሽማግሌዎቹ መጡና ልጅ ናት፣ የአፍ ወለምታ ነው አሉኝ። እሽ አልኋቸው፣ ምን ልበላቸው። ወለምታ እኮ አንዴ ነው ልጀ። እግሩን ወለም ያለው ሰው በዚያው እግሩ ደግሞ አይረግጥም። አንች ደግመሽ አልሽው። አሳምረሽ።» አንድ የመቁጠሪያ ፍሬ ገፉ። «ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ። መጀመሪያ ልሰድብሽ ነበር የምጠብቅሽ። ኋላማ እንዲያው ልማድ ሆነ።»

ሌላ የምሰጣቸው ነገር ስላልነበረኝ የጎረምሳውን መልእክት ነገርኳቸው። ስለ ጋቢው፣ ስለ ፋሻው፣ ስለ ሌሊቱ ብርድ። ጋቢዎ ደረሰኝ፣ ልጅዎ ነኝ ብሎዎታል አልኳቸው። ፊታቸው ተፈታ፤ ከዚያ ደግሞ ተጨማደደ። «ይሄንንስ ምነው ቶሎ ብትነግሪኝ» አሉ። «ይሄ እንኳ ምን ያሳፍርሽ ነበር? ስንት ክረምት ሲያዘንብ ያ ጋቢ ማን ላይ ይሆን እያልሁ አድሬያለሁ።» ከተናገሩኝ ሁሉ ይኼ ነው የጠለቀኝ። የመጀመሪያው ጥፋቴ የሃያ ዓመት ልጅ ጥፋት ነው ብዬ እከራከር ይሆናል። ይኼኛው ግን የትልቅ ሰው ነው፤ በየዓመቱ አዲስ የሠራሁት።

«እማሆይ፣ ምን ልሥራ?» አልኳቸው።

«ግጥሜን በይልኝ። ጋቢየን ወስዳችኋል፣ ግጥሜን አልሰጣችሁኝም።»

«እማሆይ… አድማሱ እኮ…»

«እሱን አንች ልትነግሪኝ ነው?» አሉ፣ ቆጣ ብለው። «በደህናው አንሽልኝ ነው ያልሁሽ ያን ጊዜ። እሽ ብለሽኛል። ለመነኩሲት ዘፈን አይገባም እንዳትይኝ፣ ለንስሐ አባቴ የምነግር እኔ ነኝ።»

ማሲንቆ የለም፣ አያ ደሴ የለም። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ያን ጠዋት በልቤ አዘጋጅቼላቸው የነበረችውን፣ ለማንም ዘፍኛት የማላውቃትን አወጣኋት፦

የደረስጌ ልጅ ነው የናቱ አለኝታ፣
አድማሱ ደህና ነው አሰሙት እልልታ።

ያልሰሙኝ መሰለኝ።

«ድገሚዋ» አሉ። «ሁለቴ አይደለም የሚባል?»

ደገምኩት። እጃቸው ከመቁጠሪያው ተለይቶ ቀስ እያለ ወደ አፋቸው ወጣ። ያንኑ እጅ አውቀዋለሁ፤ በየሌሊቱ አይቼዋለሁ፣ ሁልጊዜ አፋቸው ጋ ደርሶ የሚቆመውን። አሁን አልቆመም። ቀጭን፣ የተንቀጠቀጠች፣ ግን ሙሉ እልልታ ወጣች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ከጎረቤት ጎጆ አንዲት መነኩሲት ሮጠው ወጡ። «ምነው፣ ምን ተገኘ እማሆይ አንጓች?» አሉ።

እማሆይ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልጀ ደህና ነው አሉኝ» አሏቸው።